ከግቢ ወደ ግቢ፦ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታሪክ

በዚህ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ የቤተሰቡን ወሬ ታውቁታላችሁ። «ልጃችን ግቢ ገባ» ይባላል። «የግቢ ምግብ እንዴት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። በእናንተ ዘመን «ግቢ» ማለት ዶርም፣ ካፌ፣ ቤተ መጻሕፍትና የፈተና ሰሞን ጭንቀት ነው።

ለአያቶቻችን ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም ነበረው። ግቢ ማለት የንጉሥ ቤት ነበር። «ግቢ ገባ» የተባለ ሰው ስንት ወር ደጅ ጠንቶ የተሳካለት፣ ወይም በቤተ መንግሥት ሥራ ያገኘ ሰው ነው። እርግጥ ግቢ የሚለው ቃል አጥር ላለው ቅጥር ሁሉ ያገለግላል። ነገር ግን ሁለቱ ትርጉሞች፣ የንጉሡ ግቢና የተማሪው ግቢ፣ በአንድ አጥር ውስጥ የተገናኙበት ቦታ አለ። እርሱም አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው።

ባለፈው ዓመት የቤተ ክርስቲያናችንን ወጣቶች ይዤ ወደዚያ ሄጄ ነበር። ቤቱን ዞረን፣ ሙዚየሙን አይተን፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን የሆነውን ነገርኳቸው። ስጨርስ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ይህ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ቤት ከሆነ ለምን አላፈረሱትም?» አለኝ። የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ እርሱንም እኔንም አላረካንም። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን መስጠት የነበረብኝ መልስ ነው።

ከአዳራሽ ወደ ሳሎን

የድሮ ቤተ መንግሥታችን እንዴት ይሠራ እንደነበረ ካላወቅን ገነተ ልዑል ምን አዲስ ነገር ይዞ እንደመጣ አይገባንም።

ጎንደርን ያየ ሰው ያስታውሳል። አፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ግንብ ብቻውን አይደለም። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት እየተከተሉ የየራሳቸውን ግንብ በአጠገቡ ስላሠሩ፣ ፋሲል ግቢ በአንድ አጥር ውስጥ ያለ የብዙ ቤቶች ሰፈር ሆኗል። አዲስ አበባ ላይ ያለው የምኒልክ ግቢም በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ከፍ ካለ ቦታ ላይ ተቀምጦ ከተማውን ቁልቁል ያያል። በውስጡ ንጉሡ የሚያርፉበት እልፍኝ፣ ጸሎት ቤት፣ ግምጃ ቤት፣ ወጥ ቤትና ሌላም ብዙ ቤት ነበረ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አዳራሹ ነው። ግብር ሲገባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው እዚያ ተቀምጦ ይበላ ነበር። በዚያ ሥርዓት የንጉሥ ታላቅነት የሚለካው ባበላው ሰው ብዛት ስለነበር የቤቱ እምብርት አዳራሹ ሆነ።

ገነተ ልዑል የተወለደው በሌላ ዘመን ነው። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም በዚያው ዓመት አውሮፓን ዞረው ጎበኙ፤ የነገሥታትንና የፕሬዚዳንቶችን ቤት በዓይናቸው አዩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡም ከብዙ አገር እንግዳ መጣ። አዲሱ ንጉሥ የውጭ መልእክተኛ የሚቀበሉበት፣ «እኛም ከእናንተ እኩል ነን» የሚል ቤት ፈለጉ። ገነተ ልዑል የተሠራው ከኢጣልያ ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው።

ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ብታዩት ይህ ሐሳብ ከግንቡ ይነበባል። የፎቅ ቤት ነው፤ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ ነው። መካከሉ ላይ በአምዶች የተያዘ መግቢያ ወጣ ብሎ ይታያል፤ ወደዚያ የሚያደርስ ሰፊ ደረጃ አለ። ዙሪያው አትክልት ነው። ስሙም የልዑል ገነት ማለት ነው። ውስጡ ስትገቡ በሺህ ሰው የሚለካ የግብር አዳራሽ የቤቱ እምብርት ሆኖ አታገኙም፤ የምታገኙት ሳሎንና መኝታ ቤት ነው። ለሺህ ሰው ጮማ የሚቆረጥበት ቤት ቀርቶ፣ ለጥቂት እንግዳ ሻይ የሚቀርብበት ቤት መጣ ማለት ነው። ንጉሡ ዘመናዊ ሆኑ፤ ግን ሕዝቡ ከአዳራሹ ወጥቶ ከደረጃው በታች ቀረ። ይህን ደረጃ ልብ በሉልኝ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የሆነው እርሱ ላይና በዙሪያው ነውና።

የካቲት 12 ቀን

ንጉሠ ነገሥቱ በአዲሱ ቤታቸው ብዙ አልኖሩም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው ተሰደዱ፤ ከሦስት ቀን በኋላ የኢጣልያ ጦር ገባ። ጣልያኖች የምኒልክን ግቢ «ትልቁ ግቢ»፣ ገነተ ልዑልን ደግሞ «ትንሹ ግቢ» ብለው ጠሩ። ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ የኢጣልያ ንጉሥ እንደራሴ ሆኖ የተቀመጠው በዚህ በትንሹ ግቢ ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ድግስ አዘጋጀ። የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለተወለደለት፣ ለደስታው ለከተማው ድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተባለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ድሆች፣ ሽማግሌዎች፣ ዓይነ ስውራንና ልጅ ያዘሉ እናቶች ወደ ግቢው ገቡ። ባለሥልጣናቱ ከደረጃው በላይ፣ ድሆቹ ከደረጃው በታች ሆኑ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ሁለት የኤርትራ ተወላጆች ወደ ደረጃው ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ በፍንጣሪ ክፉኛ ቆሰለ። የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ። ግብፃዊው ጳጳስ አቡነ ቄርሎስም ከቆሰሉት መካከል ነበሩ። አብርሃና ሞገስ በግርግሩ መካከል ከግቢው ወጥተው ከከተማው አመለጡ፤ የነጻነትን ቀን ግን ሁለቱም አላዩም።

ያላመለጡት ድሆቹ ናቸው። በሮቹ ተዘጉ፤ ወታደሮቹ በተሰበሰበው ሰው ላይ ተኮሱ። ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡ ሰዎች ባዶ እጃቸውን እዚያው ወደቁ። ከሰዓት በኋላ የፋሺስት ፓርቲው ሹም ጉይዶ ኮርቴሴ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹን በከተማው ላይ ለቀቃቸው። ሦስት ቀን ሙሉ በዱላ፣ በጩቤና በጥይት ሰው ተገደለ፤ ቤት ሰዎቹ በውስጡ እያሉ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ወደ 19,000 ገምቶታል። ካምቤል እንደሚለው ከከተማው ሕዝብ አምስት ሰው ቢቆጠር አንዱ ገደማ አልቋል ማለት ነው።

ለእናንተ በተለይ መናገር የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ከሦስቱ ቀን በኋላ ቁጣው የተማረ ወጣት ወደ ማደን ዞረ። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ቋንቋ የሚያውቁ፣ ነገ አገር ይመራሉ የተባሉ ልጆች እየተለቀሙ ተረሸኑ። የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች ዮሴፍና ብንያም ከእነርሱ መካከል ናቸው። ትእዛዙ የሚወጣው ከእንደራሴው መንበር፣ የእንደራሴውም መንበር በዚህ ግቢ ነበር። አገሪቱ ያንን ትውልድ ለመተካት ብዙ ዓመት ፈጅቶባታል።

«ገነት» የሚለውን ቃል ከዘፍጥረት ታውቁታላችሁ። እዚያም ቢሆን ከገነት ታሪክ ወደ አቤል ደም የሚወስደው ገጽ ሩቅ አይደለም።

የትም የማያደርስ ደረጃ

ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት እንግዳ የሚያስገርም አንድ ነገር አለ። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ ደረጃ ነው፤ ግን በር የለውም፣ ፎቅም የለውም፣ የትም አያደርስም። የሠሩት ጣልያኖች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ በ1922 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ላለፈ አንድ የፋሺስት ዓመት ምልክት ነው ይባላል። እያንዳንዱ ዓመት ከፊተኛው ከፍ ይላል፣ መጨረሻም የለውም ማለታቸው ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመልሰው ሲገቡ ይህ ደረጃ ሊፈርስ ይችል ነበር። አልፈረሰም። ይልቅ ከመጨረሻው እርከን በላይ የድንጋይ አንበሳ ተቀመጠበት። የፋሺስት ዘመን እየወጣ እየወጣ ሄዶ የይሁዳ አንበሳ እግር ሥር አበቃ። አንድም ቃል አልተጻፈበትም፤ የሚያይ ሁሉ ግን ይገባዋል። ስትሄዱ እርከኖቹን ራሳችሁ ቁጠሩ።

ከግቢው ውጭ ባለው አደባባይ ደግሞ የየካቲት 12 ሐውልት ቆሟል። የዩጎዝላቪያ ቀራጮች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሠሩት ነው፤ በዙሪያው የጭፍጨፋው ሥዕል በነሐስ ተቀርጿል። በየዓመቱ አበባ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የአብርሃና የሞገስ ስም ይታወቃል፤ የግራዚያኒም ስም ይታወቃል። ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡት የእነዚያ ድሆች ስም ግን የአብዛኛዎቹ አልተጻፈም። አያቶቻችሁ አዲስ አበባ የነበሩ ከሆነ ጠይቁ፤ በብዙ ቤት አንድ ስም አይጠፋም።

አረንጓዴው ሳሎን

ከድል በኋላ ገነተ ልዑል እንደገና የንጉሡ መኖሪያ ሆነ። ለሃያ ዓመት ያህል ትእዛዝ የሚወጣበት፣ ሚኒስትሮች የሚመላለሱበት ቤት ነበር። ከዚያ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መጣ።

ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ነበሩ። ታኅሣሥ 4 ቀን ማታ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ገለበጡ። መሳፍንቱና ሚኒስትሮቹ እየተጠሩ ተያዙ፤ በገነተ ልዑል ታሰሩ። በሬዲዮ የተነበበው አዋጅ አገሪቱ ወደ ኋላ መቅረቷን፣ ሕዝቡ በድህነት መኖሩን ይናገር ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ቅሬታው እውነተኛ ነበር፤ ዛሬም ማንም የሚክደው አይደለም።

ነገር ግን ጦሩና አየር ኃይሉ ለንጉሡ ታማኝ ሆነው ቀሩ፤ ውጊያው ወደ ግቢው ቀረበ። ታኅሣሥ 7 ቀን ግልበጣው እንደከሸፈ ሲታወቅ፣ አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው ክፍል ውስጥ ታስረው በነበሩት ሰዎች ላይ መትረየስ ተተኮሰ። ከሞቱት መካከል ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ፣ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድና አባ ሐና ጅማ ይገኙበታል።

ራስ አበበ አረጋይ ማን እንደነበሩ አስታውሱ። አምስቱን የወረራ ዓመታት በሸዋ ተራራና ገደል የተዋጉ አርበኛ ናቸው። ግራዚያኒ በዚህ ቤት ተቀምጦ ሲያሳድዳቸው አልያዛቸውም። በዚሁ ቤት፣ ለእንግዳ ሻይ በሚቀርብበት ክፍል፣ በአገራቸው ልጅ ጥይት ሞቱ። ገርማሜ ከከተማው ሸሽተው ብዙ ቀን ሳይቆዩ ሞቱ፤ ጄኔራል መንግሥቱ ቆስለው ተያዙ፣ ተፈርዶባቸው በመጋቢት ተሰቀሉ። ለድሃው ቆመናል ያሉ ሰዎች ያልታጠቁ እስረኞችን ገደሉ፤ ሥርዓቱም በገመድ መለሰ። ከዚያ ሳሎን ንጹሕ ሆኖ የወጣ ወገን የለም።

ቁልፉ ለተማሪዎች

ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ በገነተ ልዑል አልኖሩም። መኖሪያቸው በ1948 ዓ.ም. ለኢዮቤልዩ በዓላቸው ወደተሠራው ቤተ መንግሥት ተዛወረ። ግልበጣው ዓመት እንደሞላው፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ ዋና ግቢው ገነተ ልዑል ሆነ። ያን ደም ያየ ቤት ውስጥ መተኛት ስላልቻሉ ነው የሚሉ አሉ፤ ለትምህርት ከነበራቸው ፍቅር ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ።

ያም ሆነ ይህ የተማረ ወጣት ይታደንበት የነበረው ግቢ የወጣት መማሪያ ሆነ። በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን በዚሁ ቤት ከፈተ። ዛሬ ስትገቡ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ታያላችሁ። በዚያው ቤት በሌሎቹ ክፍሎች ደግሞ የኢትዮጵያ ሕዝብ ሕይወት ከልደት እስከ ሞት በተርታ ቀርቧል፤ የልጅነቱ፣ የሥራው፣ የዘፈኑና የቀብሩ ዕቃ። በዘመኑ ደረጃውን ይወጣ ዘንድ የማይፈቀድለት ገበሬና ሸማኔ ዕቃው ከንጉሡ አልጋ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጧል። ሕዝቡ ከአዳራሹ እንደወጣ ነግሬአችሁ ነበር፤ በሙዚየሙ በኩል ተመለሰ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን አላበቃም። ያው ግቢ «መሬት ለአራሹ» ብለው በ1957 ዓ.ም. ሰልፍ የወጡ ተማሪዎችን አፈራ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በስድስት ኪሎ አካባቢ በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን በግቢው ይዘው ሲያለቅሱ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱ፤ ሌሎችም ሞቱ። ንጉሡ ቤታቸውን ለተማሪ ሰጡ፤ ጠመንጃው ግን ተከትሎ መጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ እርሳቸውም በቮልስዋገን መኪና ተጭነው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጡ። ዩኒቨርሲቲውም ስሙ ተቀይሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ለምን አላፈረሱትም?

አሁን ወደዚያ ልጅ ጥያቄ ልመለስ።

ደም የፈሰሰበትን ቤት ሰው ሦስት ነገር ሊያደርገው ይችላል። አንደኛው ማፍረስ ነው። ቤት ሲፈርስ ግን ደሙ አብሮ አይነሳም፤ የሚጠፋው ምስክሩ ነው። ደረጃው ከሌለ፣ ድሆቹ የት ቆመው እንደነበር ለልጅ ጠቁሞ ማሳየት አይቻልም። ሁለተኛው መቆለፍ ነው። የተቆለፈ ቤት ግን ወሬ ብቻ ያፈራል፤ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሟች ብቻ እየቆጠረ ያድጋል። ሦስተኛው መክፈትና ማስተማር ነው። ገነተ ልዑል የሦስተኛው ዕድል ደርሶታል።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሦስተኛውም ብቻውን አያድንም። የ1962 ታኅሣሥ ይህን አሳይቶናል። ቤት መማሪያ ስለሆነ ሰው አይማርም። ግራዚያኒ ደረጃው ላይ ቆሞ ድሃውን ቁልቁል ሲያይ ያሰበው ነገር፣ ማለትም «እነዚህ አይቆጠሩም» የሚለው ሐሳብ፣ ግድግዳ አይመርጥም። ቀጥሎ የመጡትም በየተራቸው አንዱን ወገን ከቁጥር አስወጡ። ቤቱ ያው ነው፤ ሐሳቡም ተከራይ ሆኖ ቆየ።

ስለዚህ ለዚያ ልጅ የምመልሰው ይህን ነው፦ አላፈረሱትም፤ ደግ አደረጉ። ሊፈርስ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱንም በዶማ አታፈርሰውም።

ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ በሚቀጥለው ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ግቢ ትገባላችሁ። ምናልባት ስድስት ኪሎ፣ ምናልባት ሌላ ከተማ። ክፍል ውስጥ፣ ዶርም ውስጥ፣ ካፌ ሰልፍ ላይ «እነዚህ አይቆጠሩም» የሚል ድምፅ ስትሰሙ፣ አንዳንዴም ከራሳችሁ አፍ ሲወጣ፣ ምጽዋት ሊቀበሉ ወጥተው ወደ ቤታቸው ያልተመለሱትን አስቡ። የትም የማያደርሰውን ደረጃም አስቡ።

ስድስት ኪሎ ከደረሳችሁ ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ወስዳችሁ የቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ያ ልጅ በጉብኝቱ መጨረሻ ላይ ከሁላችን ኋላ ቀርቶ ነበር። ፈልጌው ስመለስ አንገቱን ቀና አድርጎ የጣልያኑን ደረጃ እርከን በጣቱ እየቆጠረ አገኘሁት። ተሳሳተና እንደገና ከአንድ ጀመረ። አላቋረጥኩትም።